ቆማ የቀረችው ሴይቼንቶ

በቤቴ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ የጀመረ ይጨርስ። ልጆቼ ትንንሾች ሳሉ ሳህናቸውን ሳያጸዱ ከገበታ አይነሱም ነበር። ሴቷ ልጄ አንድ ክረምት ሹራብ መሥራት ጀምራ እጅጌው ላይ ስትደርስ ሰለቻት፤ አንስቼ እግሯ ሥር አስቀመጥኩትና እስክትጨርሰው ድረስ ከጓደኞቿ ጋር እንዳትጫወት ከለከልኳት። ኮሌጅ ገብታ በሁለተኛ ዓመቷ «አባዬ፣ አካውንቲንግ አልሆነኝም፤ ልቀይር» ብላ ስትደውልልኝ «ጨርሺና እንነጋገራለን» አልኳት። ጨረሰች። አልተነጋገርንም።

ይህን ሁሉ ሳስተምር በግቢዬ ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንዲት ሴይቼንቶ በአራት ብሎኬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ተጀምራ ያላለቀች። ለወጣት አንባቢ ልንገር፦ ሴይቼንቶ ድሮ በአዲስ አበባ ታክሲ ሆና የሠራች፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት የሆነ፣ አራት ሰው ጉልበቱን አጥፎ የሚገባባት ትንሽ የጣሊያን መኪና ናት። የኔዋ ሃያ ሦስት ዓመት አንድም ሜትር ሳትሄድ ከኛ ጋር ኖራለች።

ከወላይታ የመጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የኤሌክትሪክ ሥራን የተማርኩት ለሌላ ሰው ግድግዳ እየቦረቦርኩ፣ መሰላል ላይ ቆሞ ሽቦ የሚዘረጋውን ሰው ከታች ሆኜ እያየሁ ነው። የቀረውን ከአሮጌ መጻሕፍት ለቀምኩት። ስለዚህ ሰው ከፈለገ ሁሉን ይማራል የሚል ትዕቢት አለብኝ። አንድ ጋራዥ ውስጥ መስመር ስዘረጋ ጥግ ላይ የተጣለችውን ሴይቼንቶ አይቼ «ትሸጣለች?» ብዬ ባለቤቱን ጠየቅኩት።

«መካኒክ ነህ እንዴ?» አለኝ።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጋት?»

«እማርባታለሁ» አልኩት። ሳቀ። የሳቀብኝን ሰው ለማሳፈር ስል ገዛኋት ብል ከእውነት አልርቅም። በክፉ ምክንያት የተጀመረ ነገር ሁሉ ክፉ አይሆንም፤ ግን ሰው የጀመረበትን ምክንያት ከራሱ መደበቅ የለበትም።

ያኔ የምንኖርበት ሀና ማርያም ሰፈር እንደ ዛሬው አልነበረም። ከአጥራችን ጀርባ የጎረቤታችን የጤፍ ማሳ ነበር። ጎረቤቴ በዚያው መሬት የተወለደ ገበሬ ነው፤ ዛሬ ማሳው ቤት በቤት ሆኖ እሱም የሚከራይ ክፍሎችና ሦስት ላሞች ቀርተውታል። መኪናዋ በጋሪ ተጎትታ ስትገባ አጥሩ ላይ ተደግፎ አየና «ላም ብትገዛ ይሻልህ ነበር፤ ላም ባትወልድ እንኳ እበት አታሳጣህም» አለኝ። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይህንኑ ይደግምልኛል።

መኪናዋን የምሠራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ረዳቴ ሴቷ ልጄ ነበረች፤ ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነው። ወንድሟ ገና ጡት አልጣለም፤ ዛሬ አግብቶ ሐዋሳ ይኖራል። እኔ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ እጄን ብቻ አወጣለሁ። «ካቻቢቴ» ስል ካቻቢቴ፣ «ፒንሳ» ስል ፒንሳ መዳፌ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ስትሳሳት እቆጣት ነበር። አንድ ቀን በአሥራ ሦስት ቁልፍ ፈንታ አሥራ አራት ስላቀበለችኝ «ዐይንሽ የት ነው!» ብዬ ጮህኩባት፤ በማግስቱ ቁልፎቹን ሁሉ በቁጥራቸው ደርድራ በጨርቅ ጠቅልላ አገኘኋቸው። አላመሰገንኳትም። ልጅን ማመስገን ያበላሻል ብዬ አምን ነበር።

ጥያቄ ግን አይቸግራትም።

«አባዬ፣ የዕቃዎቹ ስም ሁሉ ለምን ጣሊያንኛ ሆነ?»

«መኪናዋ ጣሊያን ናታ።»

«ታዲያ አንተ በአማርኛ ስትቆጣት ይገባታል?»

«አንቺም ሲገባሽ አላየሁም።»

ከመኪናዋ ማዶ ሆና ስትስቅ እሰማለሁ፤ እኔም ከሥር ሆኜ፣ ማንም በማያየኝ ቦታ፣ ፈገግ እላለሁ። ደግሞ «ለምን እሷ ትላታለህ?» አለችኝ። የጋራዥ ሰዎች ትንሽ መኪናን ሴት፣ ትልቁን ወንድ እንደሚያደርጉ ነገርኳት፤ ትንሿ «ተነሳች»፣ «አኮረፈች»፣ «ቆመች» ትባላለች። እኔ አማርኛን የተማርኩት ከሰው አፍ ነውና ከጋራዥ ሰዎች የሰማሁትን እንዳለ ነው የያዝኩት። ይህ አነጋገር አንድ ቀን ቤቴ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አላወቅኩም።

ስምንት ዓመት እንዲህ ሄደ። ላሜራዋን አስጠገንኩ፤ የበሰበሰውን ወለል አስቆርጬ አስበየድኩ፤ የኤሌክትሪኩን መስመር በሙሉ በራሴ እጅ አዲስ ዘረጋሁ። ሞተሯን ፈትቼ ገጠምኩ፤ ደግሞ ፈታሁ። ከዚያ ልጄ ለትምህርት ወጥታ ሄደች። እኔም ሸራ አለበስኳትና «ዕቃ ጠፋ» አልኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነበር።

ዘንድሮ የኋላ አጥሬ ዘመመ። መኪናዋ የቆመችው በትክክል እሱ ሥር ነው። ግንበኛው መጥቶ አየና ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ፈርሶ ካልተሠራ እንደሚወድቅ፣ ለመሥራት ደግሞ መኪናዋ መነሳት እንዳለባት ነገረን። ባለቤቴ ወገቧን ይዛ ቆማ ሰማችው። እሷ መኪናዋን «ጣውንቴ» ነው የምትላት።

«ሰማህ አይደል?» አለችኝ። «ወይ አስነሳት፣ ወይ ሽጣት። ክረምቱ አንተን አይጠብቅም።»

«እጨርሳታለሁ።»

«ወገብህ እንደሆነ ጫማህን ለማሰርም እምቢ ብሎሃል።»

እውነቷን ነው። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ለአንድ ሳምንት አሰብኩ። መሸጥ ማለት ልጆቼን ያሳደግኩበትን ሕግ በራሴ እጅ መሻር ነበር። መጨረስ ማለት ደግሞ ከመኪናዋ ሥር ገብቼ አለመውጣት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ለሚሠራ አንድ ደላላ ነገርኩት። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ደወለልኝ። ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ እንደ ልማዴ ስልክ የማይሰማ ይመስል እየጮህኩ አወራሁ።

«ዕድሜዋን አልደብቅህም፤ ገፍቷል» አልኩት። «አካሏ ግን ጤነኛ ነው። መልኳ ትንሽ ወየበ እንጂ ጉዳት የለባትም። ሰው እጅ አልገባችም፤ እኔ ነኝ የያዝኳት። ደህና ሰው ከሆነ መጥቶ ይያት። ባለቤቴም ሰልችቷታል፤ ‹አንድ ነገር አድርጋት› እያለች ነው። ቆማ ቀረችብኝ'ኮ፣ ምን ላድርጋት!»

ልጄ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አላገባችም። ትምህርቷን እንደጨረሰች ወደ ቤታችን ተመልሳ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት አሥር ዓመት ሠርታለች። ያን ቀን ከሥራ ስትመለስ በሩን ገፋ አድርጋ ገብታ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ቆማ እንደሰማችኝ ያወቅኩት በኋላ ነው።

እራት ላይ ድምፅዋን ሳታነሳ «ጀሞ ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ቤት አግኝቻለሁ፤ በወሩ መጀመሪያ እገባለሁ» አለች።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። «ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«በኔ ቤት ሴት ልጅ በሙሽራ ልብስ ነው እንጂ በሻንጣ አትወጣም።»

«እሺ» አለች፤ «የሚወስደኝ ሰው እስኪገኝ ልጠብቅ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም። ለእናንተ እንዳልከብድ ነው።» ሳህኗን ይዛ ተነሳች። ምግቧን አልጨረሰችም። እኔም ምንም አላልኳትም፤ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን የመጀመሪያው ነው። ባለቤቴ አየችኝ፤ እኔ ባለቤቴን አየኋት። ሁለታችንም አልገባንም።

ቅዳሜ ደረሰ። ደላላው ገዢውን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኝ ስለነበር፣ ጠዋት ለባለቤቴ «ከሰዓት ሰው ሊያያት ይመጣል፤ ቤቱን አዘገጃጂ» አልኳት። ባለቤቴ ደግሞ ለልጃችን «እንግዳ አለ፤ ሻይ አፍዪ» ብላታለች። የምን እንግዳ እንደሆነ አልነገረቻትም፤ ልጄም አልጠየቀችም።

እንግዶቹ ሁለት ነበሩ። ከዚያ ወደ ሰርግ ስለሚሄዱ ሁለቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ነው የመጡት። ገዢው በኔ ዕድሜ ያለ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ባርኔጣውን አውልቆ የሚሰላም ጨዋ ሰው ነው። እንዲህ ለብሰው፣ ሁለት ሆነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሴት ልጅ አባት በር የሚያንኳኩ ሰዎች ምን እንደሚመስሉ አገሬው ያውቃል። እኔ ብቻ አልታየኝም፤ ሐሳቤ መኪናዋ ላይ ነበር።

ገና «እንደምን ዋላችሁ» ተባብለን ሳንጨርስ ልጄ ከቤት ወጣች። የቤት ልብሷን እንደለበሰች፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ነጠላ ጫማ አድርጋ ነው። ሆን ብላ እንደነበር በኋላ ገባኝ።

«ደህና ዋላችሁ» አለች። «ጊዜያችሁን እንዳላባክንባችሁ ብዬ ነው። አባቴ ዕድሜዬን ነግሯችኋል፤ ጤነኛ መሆኔንም ነግሯችኋል። ያልነገራችሁ አንድ ነገር አለ፤ እኔ አላገባም አላልኩም፣ ግን በደላላ አላገባም።»

ደላላው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እህቴ፣ እኔ'ኮ የመኪና ደላላ ነኝ!» አለ።

ገዢው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ወደኔ አየ፤ ከዚያ ወደሷ። «የኔ ልጅ» አላት በጣም ቀስ ብሎ፤ «እኔ ሴይቼንቶዋን ለማየት ነው የመጣሁት። ባለትዳር ነኝ። ሰባት የልጅ ልጆች አሉኝ።»

ባለቤቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከአጥሩ በላይ ጎረቤቴ ገበሬው ብቅ ብሎ «ምንድነው? ሰርግ ነው እንዴ? ሳንጠራ?» አለ። ልጄ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ ሄደች።

ተከትያት ስሄድ የተከልኳቸው እንሰቶች ሥር ቆማ እያለቀሰች አገኘኋት።

«የሰማሽው ስለ መኪናዋ ነበር» አልኳት።

«አሁን ገብቶኛል።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? የሚያስቅ ነገር ነው።»

«አባዬ» አለችኝ፤ «ያን ቀን ስሰማህ አንዱም ቃል አልገረመኝም'ኮ።»

እውነቱን መጻፍ ካለብኝ እነሆ፦ ባለፈው ዓመት ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱን ይዤ «ልጄን በጸሎት አስባት፤ ዕድሜዋ እየሄደ ነው፣ ቆማ እንዳትቀርብኝ» ብዬዋለሁ። ለአንድ ሰው ብቻም አይደለም። ለሦስት ሰው ነግሬያለሁ። የጸሎት ርዕስ ብዬ ነው የነገርኳቸው። ሰው የልጁን ጉዳይ በአደባባይ አውጥቶ «ጸልዩልኝ» ስላለ ብቻ ሐሜቱ ጸሎት አይሆንም። ስለ ልጄ የተናገርኩትና ስለ አሮጌ መኪና የተናገርኩት አንድ ዓይነት ቃል ሆኖ ሲገኝ፣ ጥፋቱ የአማርኛ አልነበረም።

«ሰው ነግሮሻል?» አልኳት።

«አንደኛው መጥቶ በጸሎት እያሰበኝ እንደሆነ ነገረኝ። በጣም አዝኖልኝ ነበር።»

በሕይወቴ ልጆቼን ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። አባት ይቅርታ ሲጠይቅ የቤቱ ምሰሶ ይነቃነቃል ብዬ አስብ ነበር። «በድዬሻለሁ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከባድ ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን ምንም አልፈረሰም። እሷም በሻሽዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «እንግዶቹን ትተሃቸው መጣህ'ኮ፤ ነውር ነው» አለችኝ።

ስንመለስ ገዢው ኮቱን አውልቆ፣ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ፣ የኋላ ክዳኗን ከፍቶ ሞተሩ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ነበር። በወጣትነቱ እንዲህ ያለች ታክሲ ይነዳ እንደነበረ ነገረኝ። የዘረጋሁትን ሽቦ በጣቱ እየተከተለ አየ። «ይህን የሠራ እጅ ቸኩሎ አያውቅም» አለ። ኩራት ተሰማኝ። «ብዙ አልቀራትም፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ፍሬኗ፣ ጎማ። ይህን ያህል ደክመህ ለምን አልጨረስካትም?»

«ጓርኒሲዮኑ ጠፍቶ ነው» አልኩ። በሞተሩ አካልና በላይኛው ክፍሉ፣ በቴስታታው፣ መካከል የምትገባ ስስ ማሸጊያ ናት።

«የቱ?» አለች ባለቤቴ ከበስተኋላችን። «ያ በወረቀት የተጠቀለለው? ቁም ሳጥን ላይ አይደል እንዴ? አቧራ ስጠርግ በየሳምንቱ አነሳዋለሁ።»

ገዢው አየኝ። ልጄ ከሱ ይበልጥ ነበር ያየችኝ። «አንድ ሳምንት ስጠኝ» አልኩት። ባርኔጣውን አደረገና «ሰው የሚወደውን ነገር በአንድ ቀን አይሰጥም፤ እጠብቃለሁ» ብሎ ወደ ሰርጉ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓርኒሲዮኑን ከቁም ሳጥን አውርጄ፣ ሸራውን ገልጬ፣ ሥራ ጀመርኩ። ልጨርሳት ወስኜ ነበር። ወገቤን በመቀነት አስሬ ሞተሩ ላይ አጎነበስኩ። ትንሽ ቆይቶ ልጄ መጣችና የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ሳላያት እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። አሥራ ሦስት ቁልፍ መዳፌ ላይ ተቀመጠ። አልጠየቅኳትም ነበር።

«ይኼ ዕቃ ከተገዛ ስንት ጊዜው ነው?» አለችኝ።

«አንቺ ኮሌጅ በገባሽ በሁለተኛው ወር።»

«እና?»

መልሱን ለራሴም ተናግሬው አላውቅም ነበር። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ አንድ ቅዳሜ ልሠራ ገባሁ» አልኳት። «ከሥር ተኝቼ ‹ፒንሳ› ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ዘርግቼ ቆየሁ። ማንም እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ወጣሁና ሸራውን አለበስኳት። ከዚያ ወዲህ አልገባሁም።»

ቁልፉን ይዤ ሞተሩን እያየሁ፣ ፊቷን ሳላይ፣ «አሁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጀሞ እየመጣሽ ብንሠራት በሁለት ወር ታልቃለች» አልኩ። ጀሞ መሄዷን መፍቀዴ መሆኑን እኔም ያወቅኩት ካልኩት በኋላ ነው።

«አባዬ፣ እኔ መኪና አልወድም።»

«አሁን ነው የምትይው?»

«ያኔም አልወድም ነበር። የዘይቱ ሽታ ራሴን ያመኝ ነበር።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ? ታዲያ እዚህ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ካንተ ጋር ነበርኩ።»

ቁልፉን መሬት አስቀመጥኩት። እጄ ዘይት ስለነካ ዐይኔን በክንዴ ጠረግኩ፤ ላብ እንደሆነ አድርጋ አለፈችልኝ። ከዚያ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኳት፤ ያኔ በስልክ ልቀይር ስትለኝ ምን ልትማር ፈልጋ እንደነበር።

«አዋላጅነት» አለች።

«እኔ'ኮ ሰነፍሽ መስሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

የጀመሩትን መጨረስ ጥሩ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ግማሽ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ሰው ይገድላል፤ አይቻለሁ። ነገር ግን ሕጉን ለልጆቼ ሳስተምር «ለምን ጀመርሽው?» ብዬ ሳልጠይቅ ነው ያስተማርኩት፤ ራሴንም አልጠየቅኩም። መኪናዋን የጀመርኩት የሳቀብኝን ሰው ላሳፍር ነው፤ የቀጠልኩት ልጄ አጠገቤ ስለተቀመጠች ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ረጅም ዕድሜ ያለው አልነበረም። ለሁለተኛው ደግሞ መኪና አያስፈልግም ነበር፤ ይህን ለማወቅ ሃያ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ልጄን መኪና ሰበብ አድርጌ ቅዳሜ ቅዳሜ ብጠራት፣ የማትወደውን ነገር እንድትጨርስ ሁለተኛ ማስገደዴ ነው። ክዳኑን መለስኩና ገዢው መጥቶ ይውሰዳት ብዬ ለደላላው ደወልኩለት። በዚህኛው ስልክ ቃሌን መርጬ ነው የተናገርኩት፤ ልጄ አጠገቤ ቆማ እየሳቀች ነበር።

ገዢው የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ቤታችን ያለበት ቅያስ ጠባብ ስለሆነ የጭነት መኪናው ከኮብልስቶኑ መጀመሪያ አልፎ አልገባም፤ ሴይቼንቶዋ እስከዚያ በእጅ መገፋት ነበረባት። ከብሎኬቱ አወረድናት። ጎማዎቿን በተውሶ ቀየርን። መሪ የሚይዝ ሲፈለግ ሁሉም እኔን አየ፤ እኔ ልጄን አየሁ።

«መንዳት አልችልም'ኮ» አለችኝ።

«ሞተሯ አይነሳም፤ የት ትወስድሻለች?»

ገባች። ጉልበቷ መሪው ሥር አልገባ ብሏት እየሳቀች ተቀመጠች። እኔ፣ ገዢው፣ ደላላው ሆነን ከኋላ ገፋን። ጎረቤቴም ላሞቹን ትቶ መጣና ትከሻውን ሰጠን፤ «ላም ቢሆን በራሷ እግር ትሄድ ነበር» እያለ ነው የገፋው። ከበራችን ስትወጣ ጎማዋ ድንጋዩ ላይ ተንገጫገጨ። ልጄ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?» ስትል፣ እኔ ከኋላ «ቀጥ አድርገሽ ያዢ!» ስል፣ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ቀስ በሉ፤ ጣውንቴን እንዳትሰብሩብኝ!» ስትል መንገዱ አለቀ። ሴይቼንቶዋ የጭነት መኪናው ላይ ስትወጣ ለገዢው ሊብሬዋንና በወረቀት የተጠቀለለውን ጓርኒሲዮን ሰጠሁት። ሁለቱንም በሁለት እጁ ተቀበለኝ። «ስትነሳ እደውልልሃለሁ» አለኝ። «አትቸኩል» አልኩት።

ልጄ ጀሞ ገባች፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ከመግባቷ በፊት መሣሪያዬን ይዤ ሄጄ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ ፈትቼ አየሁ፤ ሁለት ሶኬት ቀየርኩ፤ የምድጃውን መስመር ለየሁላት። እንግዲህ በዚህ ማንም ነቀፋ አያገኝብኝም። በሚቀጥለው ሳምንት የበሩን ቁልፍ ላጠብቅ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት አምፖል ይዤ ሄድኩ፤ ያሉት አምፖሎች ግን አልተቃጠሉም ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ሰው ጠየቀኝ። ያ በጸሎት እንዲያስባት የነገርኩት ሽማግሌ ነው። «ልጅህ ከቤት ወጣች አሉ፤ ጌታ ይመስገን! መቼ አገባች? ሳንሰማ?»

«አላገባችም» አልኩት። «ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ደህና ናት።»

«እንግዲህ መጸለያችንን አናቋርጥም።»

«ስለ እሷ የነገርኩህን ርዕስ ተወው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ከጸለይክ ለኔ ጸልይ» አልኩት። እጄን ጨብጦ ሄደ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ ለማወቅ አልጓጓሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ከሀይሌ ጋርመንት ሚኒባስ ይዤ ወደ ጀሞ ሄድኩ። ሦስት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ አንኳኳሁ። ልጄ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ ፊቴን አየች፤ ቀጥሎ እጆቼን።

«አባዬ! ዛሬ ደግሞ ምን ተበላሸ ብለህ መጣህ?»

«ምንም አልተበላሸም።»

«የመሣሪያ ቦርሳህስ?»

«ቤት ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«ልይሽ ብዬ ነው» አልኳት።

ከበሩ ገለል አለችልኝ። ወንበር አንድ ብቻ ስለነበራት እኔን እሱ ላይ አስቀምጣ፣ እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጄን የት እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩት። ከታች የሕፃናት ጩኸት ይመጣል። እሷ ስለ ጎረቤቶቿ ማውራት ጀመረች፤ እኔም ዝም ብዬ ሰማኋት።